ቡሎን ስለገባ ቸርኬ ገጠመ አይባልም

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሳው የአገር ቤት ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ፖለቲካውን ለአንድ ሳምንት አሳርፈን ወደ ጎማ እንወርዳለን። «ጎማ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ቢኖር፣ እሁድ ማታ ሲታክ ኤርፖርት ወርዶ ስንቱ ወገናችን የልጆቹን ቀለብ በአራት ጎማ ላይ አንጠልጥሎ ተራውን እንደሚጠብቅ ይመልከት።

ጉዳዩን ያነሳብኝ ታክሲና ኡበር እያፈራረቀ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ነው። የ2007 ሞዴል ፕሪየስ አለው። አንዱ ቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተጣመመበት። የአዲሱ ዋጋ ቢያስደነግጠው ከከተማው በስተደቡብ ወዳለ አንድ የተሰባበሩ መኪኖች ግቢ ወረደ። እዚያም ጎማ የለበሱ አራት የሱባሩ ቸርኬዎች በቅናሽ አገኘ። ቀዳዳቸው አምስት ነው፤ የእርሱም መኪና ቡሎን አምስት ነው። አስጠግቶ ቢሞክረው ሰተት ብሎ ገባ። ሻጩም «ፐርፌክት!» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናው 55 ማይል ሲደርስ መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጊዜ ባላንስ አሠራ፤ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቀውም። «ጋሼ፣ ምን ይሆን?» አለኝ።

እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ጎሚስታ አይደለሁም። ሆኖም ቁጥር ማመሳከር የቀድሞ ሙያዬ ነውና ነገሩን እንደሚከተለው አገኘሁት።

ቸርኬ መግጠሙ የሚታወቀው በቀዳዳ ብዛት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ልክ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ነው። ከ2004 እስከ 2022 ሞዴል ያለው ፕሪየስ 5 በ100 ይባላል፤ አምስት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ማለት ነው። ካምሪ ግን 5 በ114.3 ነው። ሁለቱም ቶዮታ ናቸው፤ ሁለቱም አምስት ቀዳዳ አላቸው፤ አንዱ ለሌላው ግን አይሆንም። ከ2023 ጀምሮ የመጣው አዲሱ ፕሪየስም ወደ 114.3 ስለተዛወረ፣ «የፕሪየስ ነው» ተብሎ መግዛትም ከእንግዲህ አያዋጣም። ሱባሩ ደግሞ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ባወጣቸው አብዛኞቹ ኢምፕሬዛ፣ ሌጋሲና ፎሬስተር ላይ የተጠቀመው 5 በ100 ነበር። ሲያትል ሱባሩ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ የአሮጌ መኪናው ግቢም እንደዚሁ። የወንድማችን ቸርኬ ሰተት ብሎ የገባው ለዚህ ነው።

ጉዱ ያለው መሐል ላይ ነው። ቸርኬ መሐሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ አለው። ያ ቀዳዳ በመኪናው ሞዞ ላይ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ ቸርኬው ማዕከሉን ያገኛል። የፕሪየሱ ሞዞ ወርድ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የሱባሩው ቸርኬ መሐል ቀዳዳ 56.1 ነው። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በእጅ ቢዳሰስ አይታወቅም። ነገር ግን በ60 ማይል ፍጥነት ጎማው በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ከማዕከሉ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ቸርኬ በእያንዳንዱ ዙር መሪውን አንዴ ይነቀንቃል። ባላንስ ቢደጋገም ያልፈወሰውም ለዚህ ነው። የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በራሱ በቸርኬው መሐል ቀዳዳ ስለሆነ ምንም ጉድለት አያይም። በማሽኑ ላይ ደህና ነው፤ መኪናው ላይ ሲሄድ ይታመማል።

በዚህ ላይ ዳዶው አለ። ብዙዎቻችን ዳዶን ከቁም ነገር አንቆጥርም። የዚያ ዘመን ቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ግርጌው ዝርግ ነው፣ ከነሮንዴላው። የሱባሩ ቸርኬ ደግሞ ሾጣጣ ግርጌ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። የሆንዳው እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው። ዝርጉን ዳዶ በሾጣጣ መቀመጫ ላይ ቢያስሩት የሚያርፈው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ቸርኬውን መሐል ላይ አይሰበስበውም፤ ውሎ አድሮም ይላላል። «እንግዲያው የሱባሩን ዳዶ ልጠቀም» ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባል። የሁለቱም ቡሎን ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ይሁን እንጂ የቶዮታው ጥርስ ርቀት 1.5፣ የሱባሩው 1.25 ነው። በመጀመሪያው ዙር የሚገባ ይመስላል፤ ከዚያ በሽጉጥ መፍቻ ሲገፉት ጥርሱን ይበላዋል። እንዲህ የታሰረ ጎማ አይ-5 ላይ ቢወልቅ ተጠያቂው ማን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

የወንድማችን መድኃኒት ያን ያህል ውድ አይደለም። ውጪው 56.1፣ ውስጡ 54.1 የሆነ የሞዞ ቀለበት፣ እንዲሁም ባለ ሾጣጣ ግርጌ 12 በ1.5 ዳዶ ሃያ ፍሬ ይበቃዋል። ይህንንም ነግሬዋለሁ። ሆኖም ሳልጠይቀው ያላለፍኩት ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ጎማውስ ስንት ቁጥር ነው?

የፕሪየሱ የፋብሪካ ጎማ 185/65 አር 15 ነው። 185 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 15 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ሒሳቡ ሲሠራ የጎማው ሙሉ ቁመት 621.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከሱባሩው ቸርኬ ጋር የመጣው ጎማ 205/55 አር 16 ነበር፤ ይህ 632 ይሆናል። 1.7 በመቶ ይበልጣል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው ርቀት የሚቆጥረው በጎማ ዙር ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ማይል ውስጥ ጥቂት ይዞራል። ከጎማው ዙር የሚቆጥር የታክሲ ሜትር ከ40 ዶላር ጉዞ 68 ሳንቲም ያህል ከሾፌሩ ይወስዳል። የማይል መቁጠሪያው 40 ሺህ ሲል በእውነት የተሄደው 40 ሺህ 670 ገደማ ነው። በ2024 የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ለአንድ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም ተቀናሽ ይፈቅድ ነበር፤ እንግዲህ 450 ዶላር የሚጠጋ ተቀናሽ ጎማው በላው ማለት ነው። ከልኩ ያነሰ ጎማ ያሰረ ሾፌር ደግሞ በተቃራኒው ሳያውቅም ቢሆን ደንበኛውን ያስከፍላል፤ ይህ ደግሞ ፈቃድ ያሳጣል።

ስፋት ያለው ቸርኬ የወደደ ሰው ጨርሶ አይከልከል። በዚያው ዘመን የፕሪየስ ቱሪንግ 195/55 አር 16 ይዞ ነው የወጣው፤ ቁመቱ 621 ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትለያይ ነው። ምስጢሩ ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን መቀነሱ ነው።

ከነዚህ ቁጥሮች ቀጥሎ የሚመጣውን ትንሿን ቁጥር ደግሞ ማንም አያነባትም። 88 ከሆነ አንዱ ጎማ 560 ኪሎ ይሸከማል፤ 91 ከሆነ 615 ኪሎ። ፊደሏ ፍጥነት ናት፤ ቲ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር፣ ኤች 210። አራት መንገደኛ ከነሻንጣቸው ጭኖ ከኤርፖርት የሚወጣ መኪና ከፋብሪካው ያነሰ የጭነት ቁጥር ሊያስር አይገባም፤ በለጥ ቢል ግን ጉዳት የለውም። ትክክለኛው ልክ የት ይገኛል ለሚል፣ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የንፋሱም ልክ እዚያው ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የንፋስ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የእርስዎ መኪና ልክ አይደለም።

ንፋስ ቀልድ አይደለም። በኦገስት 2000 ፋየርስቶን በአብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ታስረው የነበሩ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች ሰበሰበ። የጎማው ላይኛ ሽፋን ከሽቦው እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር። በአሜሪካ ብቻ ከ270 የሚበልጥ ሰው እንዳለቀ የመንግሥት መዝገብ ያሳያል። ፎርድ ጎማው በ26 ንፋስ ይነዳ ብሎ ነበር፤ ጎማ ሠሪው ደግሞ 30 መሆን ነበረበት አለ። ሁለቱ ትላልቅ ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲወነጃጀሉ የሟቾቹ ቤተሰቦች በየፍርድ ቤቱ ተንከራተቱ። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ያለችው ቢጫ የጎማ መብራት የመጣችው ከዚያ እልቂት በኋላ በወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ ቸርኬ ሲለወጥ በውስጡ ያለው የንፋስ መለኪያ መሣሪያም አብሮ ይታሰብ። መብራቷን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ፤ ስሙን አላነሳም፤ ራሱን ያውቃል።

ለመሆኑ ቋንቋችን ራሱ ጎማ ያወቅነው ከማን እንደሆነ ይመሰክራል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሞዞ፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ፣ ጎሚስታ ሁሉም ከጣሊያን የቀሩ ናቸው። ጣሊያንን አባረን ዳዶውን አስቀረን! የላዳና የፊያት 124 ቡሎን ክብ 98 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በኋላ የመጡት ባለ አራት ቀዳዳ ኮሮላዎች 100 ናቸው። እዚያም ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበረች። አገር ቤት ጎማ አልቆ አያልቅም፤ ሲበቃው በረባሶ ሆኖ ሌላ ዘመን ያገለግላል። ይህ ቁጠባ የሚያስመሰግን ቢሆንም የሲያትል ዝናብ ግን በረባሶ የሚሆነውን ጎማ አይምርም።

ያገለገለ ጎማ መግዛት ነውር የለውም፤ ግን ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው ዕድሜው ነው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3519 ማለት በ2019 በ35ኛው ሳምንት ነው። ብዙ መኪና ሠሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ይለወጥ ይላሉ፤ ከአሥር ዓመት ያለፈውን ግን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይንኩት። ሁለተኛው የጥርሱ ጥልቀት ነው። አንድ ሳንቲም የሊንከንን ራስ ወደ ታች አድርገው ጥርሱ ውስጥ ይክተቱ፤ የራስ ጠጉሩ በሙሉ ከታየ ጎማው 2/32 ኢንች ደርሷል፤ በሕግ አብቅቶለታል። እኔ ግን ክዋርተር እመርጣለሁ። የጆርጅ ዋሽንግተን ራስ ጫፍ ጥርሱ ውስጥ ካልተሸፈነ ከ4/32 ያነሰ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ውሃ ማስወጣት እየተሳነው መኪናው እንደ ጀልባ መንሳፈፍ ይጀምራል።

ይህች 4/32 በስኖኳልሚ በኩል ወደ ያኪማና ስፖኬን ለሚሻገሩትም ትጠቅማለች። መተላለፊያው 3,022 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። «ትራክሽን ታየር» የሚል ማስታወቂያ ሲበራ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 1/8 ኢንች ጥርስ ያለውና ኤም ኤንድ ኤስ፣ ኦል ሲዝን ወይም የተራራና የበረዶ ምልክት የተጻፈበት ጎማ ነው። 1/8 ማለት ያቺው 4/32 ናት። ሰንሰለት ግዴታ ሲሆን ሳያስሩ የተገኙ እስከ 500 ዶላር ይቀጣሉ። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያላቸው ከማሰር ነፃ ቢሆኑም ሰንሰለቱን መያዝ አለባቸው። ሚስማር ያለው ጎማ የሚፈቀደው ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ነው። በፌብሩዋሪ 2019 በረዶው ከተማው ድረስ ወርዶ ዳገት ላይ ስንቱን እንዳስቀረ የምናስታውሰው ነው።

ሱባሩ ለገዙ ወገኖች አንድ ቃል ልጨምር። ከአራቱ አንዱ ጎማ ቢፈነዳ አንዱን ብቻ በአዲስ መለወጥ አይቻልም። አራቱም በዙሪያቸው ልኬት ከሩብ ኢንች በላይ እንዳይለያዩ ኩባንያው ያዛል፤ አለዚያ የ150 ዶላር ጎማ ያዳነ ሰው ለካምብዮ ሺዎች ይከፍላል። በሌሎች መኪኖች ላይ ደግሞ ሁለት ብቻ ከተለወጡ አዲሶቹ የሚታሰሩት ከኋላ ነው፤ መኪናው ከፊት የሚጎተት ቢሆንም። ሾፌሮቻችን ይህን ስነግራቸው ይከራከሩኛል፤ «ሞተሩ ያለበት ነው የሚፈልገው» ይላሉ። የፊቱ ቢንሸራተት ግን በመሪ ይታረማል፤ በዝናብ የኋላው ከከዳ መኪናው እንደ እንዝርት ይዞራል።

ወንድማችንም ቀለበቱንና ዳዶውን አዟል። ጎማውንም ወደ ልኩ እንዲመልስ መክሬዋለሁ። ሲያስር በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቀ፣ በሽጉጥ መፍቻ ሳይሆን ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ በ76 ፓውንድ ጫማ ያጥብቀው። 50 ማይል ከነዳ በኋላም ቆሞ እንደገና ይፈትሸው።