ሊኩሉ ሲሉ ዓይን ማጥፋት!

«ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጥፍታ መጣች» ይላል ተረቱ። ይህን ተረት ያነሳሁት ስለ ሰው ዓይን ላወራ አይደለም። ስለ መኪና ዓይን ነው።

እሑድ ጠዋት ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ ባሉት መንደሮች ውስጥ ለውስጥ ዞር ዞር በሉ። በየግቢው በር አንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ፓራውልቱ ወልቆ፣ የፊት መብራቶቹ ተነቅለው፣ ዓይኑ እንደወጣ ሰው ተገትሮ ታያላችሁ። ሦስት አራት ጎረምሶች ዙሪያውን ቁጢጥ ብለዋል። አንዱ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካ ይፈትጋል። ሌላው በካቻቢቴ የመብራቱን ሽፋን ይፈለቅቃል። ሦስተኛው ጥቁር ስፕሬይ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። የኛ ጎረቤት ልጅማ ሽፋኑን የያዘው ማስቲሽ ይለስልስልኝ ብሎ መብራቱን እናቱ ምጣድ ላይ አስቀምጦ አክንባሎ ደፋበት! እናቱ «እንጀራው ቀርቶ መብራት መጋገር ተጀመረ?» ብለው ሰፈሩን አሳቁት።

ጎበዝ፣ ልጆቹን ልወቅስ አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ ልከራከርላቸው።

እስቲ ማን ነው አሮጌ መኪና ላይ ያስቀረን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ላይ ከዋጋው የሚበልጥ ግብር ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከናካቴው እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩን መግዛት የቻለ ገዛ። ያልቻለው ግን ካለችው መኪና ጋር ቆርቧል፤ መፋታት የለም! ታዲያ ሰው ሚስቱን መቀየር ካልቻለ ቀሚስ ቢገዛላት ምን ያስደንቃል? መኪናውን መቀየር ያልቻለ ዓይኗን ቢኩላት ምን ይፈረድበታል?

ደግሞም ችግሩ ውበት ብቻ አይደለም። የድሮዋ ዲኤክስ መብራት መስተዋት ስለነበረ ቢያረጅም አይደበዝዝም። ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪናዎች ሽፋን ግን ፖሊካርቦኔት የሚሉት ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ የተቀባው መከላከያ በፀሐይ ሲላጥ ቢጫ ይሆናል፤ ብርሃኑም ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ልጆቹ በ800፣ ከዚያ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ፈትገው ፀሐይ የሚከላከል ክሊር ቢቀቡት ደግ ሥራ ነው። ክሊር ሳይቀባ የቀረ ግን በጥቂት ወራት ተመልሶ ቢጫ ነው። በኮልጌት የሚፈትጉም አሉ፤ እሱ ለሰርግ ቀን ብቻ ይሆናል። የውስጡን ፍሬም ጥቁር መቀባትም ጉዳት የለውም። ስሙን ከሰፈራችን የወሰደ የቀለም ፋብሪካ እያለ ማን ቀለም ይከለክላል? ብቻ ሽፋኑ ሲመለስ በደንብ ይታሸግ። አለዚያ ክረምት ሲመጣ መብራቱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል።

ክርክሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ኩል አይደለም፤ ዓይን ማጥፋት ነው።

መብራቱ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ሳህን የተቀረጸው ለፋብሪካው አምፖል ነው። ኤች 4 የሚባለው የተለመደው አምፖል 60 እና 55 ዋት ሲሆን፣ የሚግለው ክሩ የሚቀመጥበት ቦታ በሚሊ ሜትር ተለክቷል። ልጆቹ እሱን አውጥተው ከሶማሌ ተራ የመጣ ነጭ ኤልኢዲ ሲሰኩበት ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታ ይዛባል። አጭር መብራት ያበሩ እየመሰላቸው በየአቅጣጫው ይረጩታል። በዚያ ላይ ለጃፓን ገበያ የተሠራ መብራት ገዝተው የሚገጥሙ አሉ። ጃፓኖች በግራ ነው የሚነዱት፤ መብራታቸውም የግራውን ጠርዝ ከፍ አድርጎ ያበራል። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። ስለዚህ ያ ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው!

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከሀና ማርያም ወደ ለቡ ስመጣ ከፊት ለፊቴ የመጣ መኪና ያንን ነጭ ብርሃን ዓይኔ ላይ ደፋብኝ። ታወርኩ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ረገጥኩ። ዓይኔ ሲመለስ ከኮፈኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አንዲት በቆሎ የሚጠብሱ እናት ማንደጃቸውን እንደያዙ ቆመዋል። «ልጄ፣ አላየኸኝም እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? የሱ መብራት ከመጠን በላይ ነበር። የኔ ደግሞ ቢጫ ሆኖ ከመጠን በታች ነበር። በሁለታችን መሐል እሳቸው ቆመው ነበር።

እኔም መብራቴን ያስፈተግሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባለሥልጣኖቻችን። እናንተ በቪ8 ስትሄዱ መብራታችሁ ቢደክም የሚቀይርላችሁ የሕዝብ ገንዘብ አለ። የምትሄዱበትም መንገድ በኮሪደር ልማት እንደ ሰርግ ቤት ደምቋል። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ስትሉ ግን እኛ ሰፈር ድቅድቅ ጨለማ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው ልጆቹ «ቢያንስ እንይ» ብለው ኤልኢዲ የሚሰኩት። ቦሎ ለማሳደስ ስሄድ የገጠመኝ ምርመራ «አብራ፣ አጥፋ፣ ሂድ» ነበር። መብራቱ መብራቱን አዩ፤ የት እንደሚያበራ ማንም አልለካም። የመብራትን አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያ እኮ አዲስ ግኝት አይደለም! ሌላ አገር ያለሱ መኪና አያልፍም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመኪና መብራትና አምፖል የቅንጦት ዕቃ አይደለምና ቀረጡ ይቀነስ። ሁለተኛ፣ ቦሎ ሲታደስ የብርሃኑ አቅጣጫ ይለካ፤ የተዛባውም ከመቀጣቱ በፊት እንዲያስተካክል ጊዜ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ የመንገድ መብራት ወደ ውስጥ ለውስጡም ይግባ።

እናንተ ልጆችም ብትሆኑ እስከዚያ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ሜዳ ላይ መኪናችሁን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቃችሁ አቁሙና አጭር መብራት አብሩ። የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ከታየ እሰየው። ግድግዳው ሁሉ ከነጣ ግን ያንን አምፖል አውጥታችሁ ጣሉት። ገንዘቡ ያሳዝናል፤ በቆሎ ሻጯ እናት ይበልጣሉ።

ኳሉት፣ አሳምሩት፣ ማን ይከለክላችኋል! ብቻ የሰው ዓይን አታጥፉ።

ቸር ይግጠመን!