ሁለት የዕረፍት ቀን በማድሪድ፤ ገበታውና ሥዕሉ

ዕረፍት ማለት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ወይም ገንዘብ በትኖ መመለስ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አያሌ ናቸው። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። በዛሬው ጽሑፌ ይህን አሳቤን ያስለወጡኝን ሁለት ቀኖች፣ ይኸውም ከባለቤቴ ጋራ በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ ያሳለፍናቸውን አወጋችኋለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቈጣጠር፣ ዓመቱን ግን ከአንድ ስፍራ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደዚያ ተልኬ ሥራው ሐሙስ አበቃ፤ የመመለሻዬ አውሮፕላን የሚነሣው ግን እሑድ ማታ ነበር። ባለቤቴም በጀርመን አገር የምትኖረውን እኅቷን ለመጠየቅ ሄዳ ስለ ነበር ወደ እኔ መጣች። ከተጋባን ስምንት ዓመት ሲሆነን፣ ልጆቹን ለእናቴ ትተን ብቻችንን ስንሆን ይህ የመጀመሪያችን ነው። እኔ ግን በዚህ ደስ በመሰኘት ፈንታ፣ እንደ መዝገብ ቤት ሹም ወረቀት አውጥቼ የምናያቸውን ስፍራዎች በተራ ቍጥር ጻፍሁ። ሃያ ሦስት ሆኑ።

ዓርብ ጧት በ4 ሰዓት ፕራዶ ከሚባለው ቤተ መዘክር በር ደረስን። ይህ ቤት በ1819 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ የስፔን ነገሥታት በየዘመናቸው ያሰባሰቧቸው ሥዕሎች ዋናው ሀብቱ ናቸው። ቬላስኬዝ በ1656 ዓ.ም. የሠራው «ላስ ሜኒናስ» የተባለው ታላቅ ሥዕልም በዚሁ ይገኛል። ሠዓሊው በቤተ መንግሥት ውስጥ ትንሿን ልዕልትና ደንገጡሮቿን ከሣለ በኋላ፣ ራሱንም ብሩሹን እንደ ያዘ ከመካከላቸው አቁሟል፤ ንጉሡና ንግሥቲቱ ግን በኋላ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው መስተዋት ውስጥ ብቻ ይታያሉ። ተመልካቹ ነገሥታቱ በቆሙበት ስፍራ የቆመ ያህል ስለሚሰማው፣ ማን ማንን እንደሚመለከት ለማወቅ ረዥም ጊዜ ያስፈልገዋል። እኔ ግን ቍጥሬን ለመፈጸም ባለቤቴን ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ አጣደፍኋት።

በጎያ ሥዕል ፊት ስንደርስ እንቢ አለች። ሥዕሉ በ1808 ዓ.ም. የናፖሊዮን ወታደሮች የማድሪድን ሰዎች ሲረሽኑ የሚያሳይ ሲሆን፣ ጎያ የሠራው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ተንበርክኳል፤ ፋኖሱ በእርሱ ላይ ያበራል። የወታደሮቹ ፊት አይታይም፤ ጀርባቸውና ጠመንጃቸው ብቻ ነው የሚታየው። «ነዪ እንጂ፣ ገና ብዙ ይቀረናል» ብላት፣ «አንተ ሂድ፤ እኔ ይህን ሰው ትቼው አልሄድም» አለችኝ።

ከዚያ የወጣነው በ11 ሰዓት ነበር፤ ርቦን ነበር። በስፔን የምሳ ሰዓት ከቀኑ 8 እስከ 10፣ የራት ሰዓት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ወዲህ መሆኑን አልተረዳሁም ነበርና፣ የገባንበት ምግብ ቤት ሁሉ ማድ ቤቱ ተዘግቶ አገኘነው። ቡና ቤቶቹ ግን ክፍት ነበሩ። ከጣሪያቸው በጨው የደረቀ የአሳማ እግር ተንጠልጥሏል፤ «ኻሞን» ይሉታል፤ ለብዙ ወራት፣ እንዲያውም ለዓመታት አድርቀው እንደ ወረቀት እያሳሱ ይቈርጡታል። ባለቤቴ ዓርብ ትጾማለች። እኔ ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ በመሆኔ በጾሙ ባልጠነክርም፣ የአሳማ ሥጋ ግን ከአፌ ገብቶ አያውቅም። በመጨረሻ ከምሳ የተረፈ የምስር ወጥ አገኘን ብለን ደስ ሲለን፣ ከውስጡ የአሳማ ቋሊማ ወጣ።

በመንገዱ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር ተቀምጠን ተቈጣን። እኔ ከተማውን አማረርሁ። እርስዋ ግን፣ «እኔ የመጣሁት ከአንተ ጋራ ለመሆን ነው እንጂ ከወረቀትህ ጋራ ለመዞር አይደለም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን አጥፌ ከኪሴ ከተትሁት፤ ከዚያ በኋላ አላወጣሁትም።

በ3 ሰዓት ማታ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሽማግሌ አሳላፊ ችግራችንን አይተው አንድ ቁም ነገር አስተማሩን፤ ይኸውም በስፔን «ሥጋ የሌለበት» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ኻሞንን ከሥጋ የማይቈጥሩ ሰዎች ስላሉ ስሙን ጠርቶ «ያለ ኻሞን» ማለት ይገባል። ከዚያ በኋላ ገበታው ሞላ። መጀመሪያ ጋስፓቾ መጣ፤ ይህም ጥሬ ቲማቲም፣ ዱባ የመሰለው ኪያር፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ያደረ ዳቦ አንድነት ተፈጭቶ፣ በወይራ ዘይትና በኮምጣጤ ተለውሶ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ሾርባ ነው። ሽንብራ በስፒናች፣ የወይራ ፍሬና ዳቦም ተከተሉ። በመጨረሻ ትናንሽ ቃሪያዎች በዘይት ተጠብሰው፣ ደቃቅ ያልሆነ ጨው ተነስንሶባቸው ቀረቡ። ከብዙዎቹ መካከል የሚያቃጥለው አንዳንዱ ብቻ ነው፤ የሚያቃጥለውም ለባለቤቴ ደረሳት። «ይህስ የአገሬ ልጅ ነው!» ብላ ሳቀች። በዚያን ቀን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ቀልዷ ከእውነት የራቀ አይደለም። ቃሪያና በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንችም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ከ1492 ዓ.ም. በኋላ በስፔንና በፖርቱጋል መርከቦች ወደ ቀረው ዓለም ተዳረሱ። ያለ በርበሬ ወጥ የማይሆንልን እኛም የዚያው ጉዞ ባለዕዳዎች ነን። የአበላሉም ነገር አላስቸገረን፤ በዚያ አገር ምግቡ በትናንሽ ሳሕን ከመካከል ቀርቦ ሁሉም አብሮ ይቈርሳልና፣ ሞሰብ ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም።

ቅዳሜ አርፍደን ተነሣን። ድንች በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ በስሎ ከእንቍላል ጋራ እንደ ድፎ የሚጋገረውን ቶርቲያ በላን፤ ሬቲሮ በተባለው መናፈሻ ተመላለስን። በ1 ሰዓት ማታ ሬይና ሶፊያ ወደሚባለው ቤተ መዘክር ገባን፤ በዚያ ሰዓት መግቢያው በነፃ ነው። ይህ ቤት ቀድሞ ሆስፒታል ነበረ። የገባነው አንድ ሥዕል ብቻ ለማየት ነው፤ እርሱም የፒካሶ «ጌርኒካ» ነው።

ጌርኒካ በሰሜን ስፔን ያለች የባስክ ከተማ ናት። በሚያዝያ 26 ቀን 1937 ዓ.ም. ሰኞ፣ የገበያዋ ቀን ነበር፤ የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከሰማይ ደበደቧት። የኢጣልያ ፋሽስቶች የአየር ኃይል ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአገራችን ሰማይ ምን ሲሠራ እንደ ነበረ ለአንባቢ አይነገርም። ፒካሶ በፓሪስ ሆኖ ወሬውን በጋዜጣ አነበበና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይህን ሥዕል ሠራ። ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል ያህል፣ ርዝመቱ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ ቀለሙም ጥቁር፣ ነጭና አመድማ ብቻ ነው። ለብዙ ዓመት በኒው ዮርክ ተቀምጦ ወደ ስፔን የገባው በ1981 ዓ.ም. ነው። በግራ በኩል አንዲት እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ ወደ ላይ ትጮኻለች፤ ከመካከል ደግሞ የቈሰለ ፈረስ አፉን ከፍቷል።

ባለቤቴ ከፈረሱ ፊት ቆመች። ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «አባቴ ስለ በቅሎዋ ብቻ ነው የሚያወራው» አለችኝ።

አማቴ የሐውዜን ሰው ናቸው። በሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ ረቡዕ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ አውሮፕላኖች ሲደበድቡት በዚያ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በዚያ ቀን ሞተዋል። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ ግን የሚናገሩት ስለ አንዲት በቅሎ ጩኸት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን ይለውጣሉ።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መመለሻቸውን ጠብቃ ስልክ ደወለችላቸው። በመጀመሪያ የጠየቁት «በልታችኋል?» ብለው ነው። ስለ ጋስፓቾውና ስለ ቃሪያው ነገረቻቸውና ሳቁ። ቀጥላም ስለ ሥዕሉና ስለ ፈረሱ ነገረቻቸው። «ሠዓሊው በዚያ ነበረን?» አሉ። «አልነበረም፣ አባዬ፤ በጋዜጣ ነው ያነበበው» አለቻቸው። ዝም አሉ። መሥመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ከዚያም፣ «የበቅሎዋን ልጓም የያዘው ወንድሜ ነበረ» አሉ። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ለጥቂት ቀን ወደ ሩቅ ከተማ የምትሄዱ እንደ ሆነ የምመክራችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሕዝቡ በሚበላበት ሰዓት ብሉ፤ የማትበሉትንም ስሙን ጠርታችሁ አስታውቁ። ሁለተኛ፣ ሃያ ሥዕል ሮጦ ከማየት አንዱን ቆሞ ማየት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ አብሮአችሁ ያለው ሰው በአንድ ነገር ፊት የቆመ እንደ ሆነ አታጣድፉት፤ ምን እንዳቆመው አታውቁምና። እኔ ዓርብ ዕለት አላወቅሁም ነበር።