ብርሃንን አጣጥፎ የሚወስድ ክር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ አይጎብጥም ሲባል ሰምታችኋል። ነገሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን ሐኪም የበሽተኛውን ጨጓራ በዓይኑ ለማየት ሲፈልግ መንገዱ ጠማማ ነው። በቀድሞው ጊዜ በሽተኛው እምብዛም የማይታጠፍ ቱቦ መዋጥ ነበረበት፤ ትንሽ አምፖልም ከነሙቀቷ ሆዱ ውስጥ ትገባ ነበር። ይህን ጭንቅ ያቃለለው ብርሃን አሳላፊ ክር ነው። ታዲያ ክሩ ከምን ቢሠራ ይሻላል? ዛሬ የምንጫወተው ስለዚሁ ነው።

አስቀድማችሁ ምሥጢሩን በቤታችሁ ሞክሩት። ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎኑን ዝቅ አድርጋችሁ ብሱት፤ ውሃ ሙሉበት፤ ክፍሉን አጨልማችሁ ከቀዳዳው ትይዩ በስተኋላ የእጅ ባትሪ አብሩ። ውሃው ጎብጦ ሲወርድ ብርሃኑም አብሮት ይወርዳል፤ ከሥር የዘረጋችሁት መዳፍ ያበራል። የጄኔቩ ሊቅ ዳንኤል ኮላዶን ይህንኑ በ1841 ለአድማጮቹ አሳይቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ምክንያቱም ብርሃን የውሃውን ጠርዝ በጣም ተጋድሞ ሲመታው ወደ አየር መውጣት አይችልምና፥ ከፊት መስተዋት እንደሚመለስ ሁሉ ወደ ውስጥ ይነጥራል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። መጀመሪያ የሚገኘው አክሪሊክ የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በምላጭ ይቆረጣል፤ ሳይሰበር ይታጠፋል። ነገር ግን ጥሩው ዓይነት እንኳ 20 ሜትር ያህል ሲሄድ ግማሹን ብርሃን ይበላል። ሙቀትም ጠላቱ ነው፤ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ ከብርቱ መብራት ፊት የሚያቆመው ሰው፥ በመካከሉ ሙቀቱን የሚያስቀር ማጣሪያ ያግባበት።

ሁለተኛው መስተዋት ነው። ወፍራሙ መስተዋት ሲታጠፍ ይሰበራል፤ እንደ ፀጉር ሲቀጥን ግን እንደ ልብ ይተጣጠፋል። አንድ ክር የሚይዘው ብርሃን ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ሺህ ክር በአንድነት ይታሰራል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! ክሮቹ ተነካክተው ብርሃን እንዳይሰርቁ እያንዳንዱ ሌላ ዓይነት መስተዋት ይለብሳል። ይህን በ1956 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሎውረንስ ከርቲስ የተባለ ተማሪ ነው። በተከታዩ ዓመት ሐኪሙ ባዚል ሂርሾዊትስ በሽተኛ ከማስዋጡ በፊት መሣሪያውን ራሱ ዋጠው። የእስሩ ጉድለት፥ ክብ ክሮች የቱንም ያህል ቢጠጋጉ ከመቶ 9 ያህሉ ቦታ ክፍት መቅረቱ ነው። ያገለገለ ገመድ የምትገዙ እንደ ሆነ አንዱን ጫፍ ወደ መስኮት ብርሃን አዙራችሁ በሌላው ተመልከቱ፤ ጥቋቁር ነጥቦቹ የተሰበሩ ክሮች ናቸው።

ሦስተኛው ጥርት ያለ ፈሳሽ የተሞላ ቱቦ ነው። ክፍተት ስለሌለው ብርሃን በብዛት ያሳልፋል። ነገር ግን ከጥቂት ሜትር አይረዝምም፤ ቆርጠው አያሳጥሩትም፤ አረፋ ከገባበትም ይደክማል።

ለሩቅ መንገድ ከጠራ ሲሊካ የተሳበውን ክር የሚስተካከለው የለም። ቻርልስ ካዎ በ1966 መስተዋቱ ከእድፉ ቢጠራ ብርሃን ሩቅ እንደሚሄድ አስረዳ፤ በ2009ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬ ስልክ የሚያመላልሰው ለዓይን የማይታይ ብርሃን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ገና ግማሹ ይቀራል። ይሁን እንጂ የተራ አምፖልን ብርሃን በዚህ ቀጭን ክር ማስገባት ግመልን በመርፌ ቀዳዳ እንደ ማሾለክ ነው፤ የሚሆነው ለሌዘር ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ያህል ይርቃል? ምን ያህል ይሞቃል? ምን ያህል ይታጠፋል? ከልክ በላይ የተቆለመመ ክር ብርሃኑን በጎኑ ያፈሳልና።

በመጨረሻም አንድ አደራ። ይህን መብራት «ቀዝቃዛ ብርሃን» ይሉታል፤ ስሙ ግን አያታላችሁ። በቀዶ ሕክምና ክፍል የበራው ገመድ ጫፍ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ተረስቶ ጨርቁንም ገላውንም ያቃጠለበት ጊዜ አለ። ሳታጠፉ አታስቀምጡት፤ በበራበትም ጊዜ ጫፉን በዓይናችሁ አትመልከቱ። ብርሃኑ ታጥፎ መጣ እንጂ ኃይሉን አልጣለም።