የሌሊት ተረኛዋ ነርስ መቼ ትተኛለች?



ከእናንተ መካከል ታማሚ አስታሞ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግሉኮስ ሲያልቅ እየሮጣችሁ የጠራችኋት ሲስተር ዓይኗ ቀልቶ ስትመጣ አይታችኋል፤ ምናልባትም ዘገየሽ ብላችሁ ተቆጥታችኋታል። እኛም ተቆጥተን እናውቃለን። ዛሬ የምንጠይቀው ግን ያቺ ሴት ከስንት ሰዓት ጀምሮ በእግሯ እንደቆመች ነው።

ማታ 11 ሰዓት ተኩል ዱቲ ገብታ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል የምታስረክብ ነርስ 15 ሰዓት ሥራ ላይ ቆይታለች። በሳምንት ሦስት እንዲህ ያለ ሌሊት ቢደርሳት 45 ሰዓት ይሆናል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ትርፉ ይከፈላል ይባላል። የዱቲ ክፍያ እንዴት እንደሚጓተት ነርሶቹን ጠይቁ፤ በጊዜው ቢከፈልም እንኳ ገንዘብ እንቅልፍን አይተካም።

ቤቷ ገብታስ ትተኛለች? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካኑ የሚጠብቀው እሷን ነው። ልጅ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የኮንዶሚኒየም ጫጫታ አለ። የሰው አካል በብርሃን እንዲነቃ የተፈጠረ በመሆኑ የቀን እንቅልፍ አጭርና የተቆራረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። ለጠጣ ሹፌር መሪ አንሰጥም፤ እንቅልፍ ላጣች ነርስ ግን የሕፃን መድኃኒት መጠን አስልታ እንድትወጋ እናዛለን። ስትሳሳት የምትከሰሰው እሷ ናት፤ የተረኝነት መርሐ ግብሩን ያወጣው ኃላፊ ሲጠየቅ ግን አላየንም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ለሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የማግኘት መብት ሰጥቷል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ግን ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። ዕረፍትን የጠየቀ ሰው በእስር የሚመለስበት አሠራር ሕጋዊ ነው ብለን አናምንም።

ብትመርጡን ለምክር ቤት የምናቀርበው ሕግ በሁለት ተረኝነት መካከል ቢያንስ 12 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ያስገድዳል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ነርሶች ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ውስጥ ያለ ነው። የዱቲ ክፍያ ከወሩ ደመወዝ ጋር ይከፈላል። ሌሊት ለሚያድሩት አልጋ ያለው ማረፊያ ክፍል ይዘጋጃል። (አልጋው ዋጋው ስንት ሆኖ ነው እስከ ዛሬ የጠፋው?)

ከባዱ ቅጥሩ ነው። ተጨማሪ ነርስ ሳይቀጠር ዕረፍት ቢደነገግ ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ ተመርቀው ሥራ ያጡ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ በየከተማችን አሉ። በአንድ የበጀት ዓመት ሁሉንም እንቀጥራለን ብለን አንዋሻችሁም። የምንጀምረው ከማዋለጃና ከድንገተኛ ክፍሎች ነው።