የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪነት፦ አዲስ አበባ ኤምባሲ መጠበቅ ወይስ እዚያው ሆኖ ማስተካከል?



ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት እንደሚያቆም አስታወቀ። ውሳኔው ከጥር 13 ቀን (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 21፣ 2026) ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ከእነዚህ አገሮች የሚገቡ ሰዎች የመንግሥት ድጎማ ጥገኛ ይሆናሉ የሚል ነው። ማመልከት አልተከለከለም፤ ለኢንተርቪው መቅረብም አልተከለከለም፤ የተከለከለው ቪዛው ራሱ ነው።

በጥምቀት ሰሞን የተሰማው ይህ ዜና ለብዙ ሰው የአንድ ቀን ወሬ ሆኖ አልፏል። ከቡታጅራ ብዙም በማትርቀው በእንሴኖ ግን ዜናው ስም አለው፦ ባሏ ዲሲ ያለ እህት፣ ልጃቸው ሲያትል ያለች እናት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ “ፕሮሰስ ላይ ነኝ” እያለ ሥራ ያልያዘ ወጣት። ከእሑድ አምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚነሣው ጥያቄም ተለወጠ። ቀድሞ “ቀጠሮው መቼ ነው?” ነበር። አሁን “ኤምባሲው ቪዛ ካልሰጠ፣ ለምን በጉብኝት ቪዛ ሄዳ እዚያው አትጨርስም?” ሆኗል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ወደ እኛ ወደ አገልጋዮችም የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ሳያውቅ የሚመክር ሰው በዝቷል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። (የአሜሪካን ሕግ በሚመለከት ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሁለቱ መንገዶች

ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይነሣሉ። አሜሪካ ያለው ዘመድ አይ-130 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ “ይህ ሰው የእኔ ነው” ሲል ዝምድናውን ያስመዘግባል። ፎርሙ ሲጸድቅ ዝምድናው ታወቀ ማለት እንጂ ቪዛ ተገኘ ማለት አይደለም። ወገኖቻችን ግን “አፕሩቭድ ሆነ” ሲባል ሻንጣ ይገዛሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ሰውየው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ፋይሉ ናሽናል ቪዛ ሴንተር ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እዚያ 325 እና 120 ዶላር ይከፈላል፤ ዲኤስ-260 ይሞላል፤ የልደት፣ የጋብቻና የፖሊስ ማስረጃ ይገባል። የስፖንሰሩ ገቢ ከአሜሪካ የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መድረስ አለበት። ሁሉ ሲሟላ በአዲስ አበባ ኤምባሲ ቀጠሮ ይሰጣል፤ የሕክምና ምርመራና ኢንተርቪው ይደረጋል። ቪዛ ያገኘ ሰው አሜሪካ ደርሶ በመግቢያው ላይ ሲፈቀድለት ያኔ ቋሚ ነዋሪ ይሆናል።

ሰውየው አስቀድሞ አሜሪካ ውስጥ ካለ፣ ሕጉም ከፈቀደለት፣ ወደ ኤምባሲ ሳይመለስ አይ-485 በሚባል ፎርም እዚያው ሆኖ ስታተሱ እንዲስተካከል ያመለክታል። በ2024 በወጣው ታሪፍ ክፍያው ለአዋቂ 1,440 ዶላር ነው። ውድ ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ የሥራ ፈቃድ ሊጠይቅበት ይችላል፣ ከትዳር ጓደኛውም አይለይም።

ላይ ላዩን ሲታይ ሰው አወዳድሮ የሚመርጣቸው ሁለት መንገዶች ይመስላሉ። ለአብዛኛው ሰው ግን ምርጫው አስቀድሞ ተወስኗል። የሚወስኑትም ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እንዴት ገባ? ያመለከተለትስ ማን ነው?

አንድ ወንድም በጉብኝት ቪዛ ገባ፣ የተፈቀደለት ስድስት ወር አለፈ፣ ሁለት ዓመት ቆየ እንበል። አሜሪካዊት ዜጋ በእውነተኛ ጋብቻ ቢያገባ፣ ተፈትሾ በሕጋዊ መንገድ የገባ ስለሆነ ቀኑ ቢያልፍበትም ሕጉ እዚያው እንዲያስተካክል ይፈቅድለታል። ያገባት እህት ግሪን ካርድ ብቻ ያላት ከሆነች ግን ያው ሰው፣ ያው ፍቅር፣ ያው ጋብቻ ሆኖ ሳለ አይችልም፤ ዜግነት እስክታገኝ መጠበቅ ይኖርበታል። ከብራዚል ተነሥቶ በዳሪየን ጫካና በሜክሲኮ አልፎ ሳይፈተሽ የገባው ወንድማችን ደግሞ ዜጋም ቢያገባ በአብዛኛው እዚያው ማስተካከል አይችልም። በ2022 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላም ይህን ጉድለት አይሞላም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2021 ቲፒኤስ እንደ ሕጋዊ መግቢያ እንደማይቆጠር ወስኗል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሕጉ ሌላ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ያመለክታል፤ የገባበትም መንገድ አያግደውም።

የለቅሶ ጥሪ

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ልባችሁ እንዲያስተውል የምፈልገው ይህን ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ከ180 ቀን በላይ የቆየ ሰው ከአገሩ ከወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ከወጣ ደግሞ አሥር ዓመት አይመለስም። ልብ በሉ፤ ቅጣቱን የሚያስነሣው መቆየቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። እዚያው እስካለ ድረስ ይህ አሥር ዓመት አይነካውም፤ አውሮፕላን ከተሳፈረ ግን ይቆጠርበታል።

አሁን ይህን ሕግ ወደ እኛ ባህል አምጡት። እናት ታመመች ተብሎ ይደወላል። አባት አረፈ ተብሎ ይደወላል። “ልጅ አይደለህም ወይ? አፈር ሳያለብስ የሚቀር ልጅ ምን ይሉታል?” ይባላል። ወይም መስቀል ደረሰ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አልመጣህም ይባላል። ልጁም የዘመድ ወቀሳ ሲከብደው፣ “ለማንኛውም ሚስቴ ዜጋ ናት፣ ፎርሙም ገብቷል፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ እጨርሳለሁ” ብሎ ይመጣል። እዚያው ሆኖ መጨረስ ይችል የነበረ ሰው፣ የማይሆነውን መንገድ በእግሩ መጥቶ መረጠ ማለት ነው። ፎርሙን አስገብቶ የሚጠብቅ ሰው እንኳ አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳይቀበል ከወጣ ማመልከቻው በአብዛኛው እንደተተወ ይቆጠራል።

በእርግጥ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ከባድ ችግር እንደሚደርስበት በማስረጃ ካሳየ ቅጣቱ ሊነሣ ይችላል፤ ከ2013 ጀምሮም ይህን ይቅርታ ከመውጣት በፊት እዚያው ሆኖ መጠየቅ ተፈቅዷል። ሳይፈተሹ የገቡ ብዙ ባለትዳሮች ወደ ኤምባሲ የሚመጡት በዚህ በኩል ነው። ነገር ግን ይቅርታው ይሁንታ እንጂ መብት አይደለም። እንግዲህ እናንተ ለቅሶ ላይ የምትቀመጡ ሽማግሌዎችና እናቶች፣ “ና” ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት “ብትመጣ መመለስ ትችላለህ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ቀርቶ የሚያለቅስ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም።

ይህን ስል እዚያው ሆኖ ማስተካከል ከአደጋ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። በ2025 መጨረሻ በሳን ዲዬጎ ቀናቸው ያለፈባቸው የዜጎች ባለትዳሮች ለግሪን ካርድ ኢንተርቪው በቀረቡበት ቢሮ ውስጥ እንደተያዙ ተዘግቧል። ያለ ጠበቃ የሚገባበት ጊዜ አልፏል። ቢከለከልም ግን ጉዳዩን በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንደገና የሚያቀርብበት ዕድል ይኖረዋል። ቆንሲል የከለከለውን ግን ፍርድ ቤት በአብዛኛው አይመረምርም፤ በጁን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አንዲት አሜሪካዊት ባሏ ቪዛ በመከልከሉ ያቀረበችውን ክስ ውድቅ አድርጓል። የኤምባሲው በር በአንድ ውሳኔ ሊዘጋ እንደሚችልም የጥር ዜና የመጀመሪያው ማሳያ አይደለም። በ2020 በኮሮና ጊዜ የቪዛ አገልግሎት በመላው ዓለም ተቋርጦ፣ በኤፕሪል የወጣው የኢሚግራንት እገዳም እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ድረስ ቆይቶ ነበር። ተዘግቶ ተከፍቷል። ያኔ ፋይላቸውን አሟልተው የጠበቁ ሰዎች ወረፋቸውን አላጡም፤ የዲቪ ዕድለኞች ግን ቪዛቸው በሴፕቴምበር 30 የሚያበቃ በመሆኑ ብዙ ተጎድተዋል።

“በጉብኝት ሂጂና እዚያው ጨርሺ”

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻው ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከዚህ በፊት የኢሚግራንት ማመልከቻ ያስገባልህ ሰው አለ ወይ? ባሏ አይ-130 ያስገባላት እህት “አዎን” ካለች ቪዛውን የማግኘቷ ነገር ይጠብባል፤ ለመጎብኘት ብቻ እንደምትሄድ ማን ያምናታል? “የለም” ካለች ዋሽታለች። የዋሸችውም ፋይሏን በመዝገቡ ለያዘ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ ቪዛ ለማግኘት በዋና ጉዳይ ላይ የዋሸ ሰው የሚታገደው ለሦስት ወይም ለአሥር ዓመት ሳይሆን ለዕድሜ ልኩ ነው፤ ይቅርታ ካልተሰጠው በቀር። ፎርሙን አልፋ ብትገባ እንኳ፣ ከ2017 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቆንሲሎች፣ በገባ በ90 ቀን ውስጥ ከተናገረው ዓላማ ውጭ የሠራን ሰው አስቀድሞ አስቦበት ነው ብለው እንዲገምቱ መመሪያ አላቸው። እንግዲህ ምክሩ የዘገየውን መንገድ ለዘላለም ሊዘጋው ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነገር የሚከብደኝ። ውሸት ብቻውን አይሄድም፤ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ማኅተም ይፈልጋል፣ ምስክር ይፈልጋል። በጽሕፈት ቤቶቻችን የሚጠየቀውን እናውቃለን፦ የጋብቻውን ቀን ወደ ኋላ መልሱልን፣ የልጁን ዕድሜ ከ21 በታች አድርጉልን፣ የወንድሜን ልጅ ልጄ ብላችሁ ጻፉልን። የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ክብደት አለው። ስለዚህም ይፈተናል።

በጣም የተለመደውን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ላላገባ ልጁ ማመልከት ይችላል፤ ላገባ ልጁ ግን አይችልም። ልጁ ካገባ ማመልከቻው ይሞታል። ወላጁ ዜጋ ከሆነ ላገባ ልጅም ይሆናል፤ ወረፋው ግን ወደ ኋላ ብዙ ይገፋል። በዚህ ምክንያት “ሠርጉ በቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ ቃል ኪዳኑ በጉባኤ ፊት ይፈጸም፣ ቀበሌ ግን አይመዝገብ” የሚባል ነገር በመካከላችን ገብቷል። የአገራችን የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ጋብቻ ነው ይላል። ወንጌላዊው ያጋባቸው፣ መዘምራን የዘመሩላቸው፣ ዳቦ የተቆረሰላቸው ሰዎች በኤምባሲ መስኮት ፊት “አላገባሁም” ይላሉ። ከዚያ ልጅ ይወለዳል። ልጁ በፎርሙ ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? አባትየው አሜሪካ ገብቶ ከዓመታት በኋላ “ሚስቴን ላምጣ” ሲል የትኛውን የጋብቻ ቀን ይናገራል? እውነተኛውን ቀን ቢናገር የራሱ ግሪን ካርድ ይነካል፤ ሐሰተኛውን ቢናገር ልጁ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ይሆናል፣ ሚስቱም በገዛ ሠርጓ ፎቶግራፍ ትፈራለች። ወረቀቱን የሸሸንላት እህት እዚህ ከወላጆቿ ቤት ሳትወጣ፣ ያገባችም ያላገባችም ሳትሆን ትኖራለች።

አብርሃም በግብፅና በጌራራ ሣራን እኅቴ ናት ሲል (ዘፍጥረት 12 እና 20) ፍጹም ሐሰት አልተናገረም፤ በአባቱ በኩል እኅቱ ነበረች። የተናገረው ግማሽ እውነት ነው፤ የፈራውም ስደተኛ ስለነበረ ነው። ዋጋውን የከፈለችው ግን ወደ ሌላ ሰው ቤት የተወሰደችው ሣራ ናት። “አልተመዘገበምና አላገባሁም” የሚለው ንግግር ከዚህ በምን ይለያል? ለወረቀት ብቻ የሚደረገው ጋብቻማ ግማሽም እውነት የለበትም። እንዲህ ያለ ጋብቻ የተረጋገጠበት ሰው ኋላ በእውነት ቢያገባ እንኳ የትዳር ጓደኛው ያስገባችለት ማመልከቻ አይጸድቅለትም።

በሌላ በኩል ደግሞ “ሕግ ምን ያደርጋል፣ ጸሎት ይበቃል” የሚሉ ወገኖች አሉ። ጳውሎስ ሊገረፍ በታሰረ ጊዜ ሮማዊነቱን ተናግሯል (ሐዋርያት ሥራ 22)። መብቱን ማወቁ እምነት ማጣት አልሆነበትም። “ቪዛህ ወጥቷል ይላል ጌታ” የሚሉ አገልጋዮች ያስነሡት ጉድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ለጊዜው፣ ትንቢት ሰምታችሁ ሥራ እንዳትለቁ ብቻ እላለሁ።

ታዲያ አሁን ኤምባሲ የሚጠብቅ ሰው ምን ያድርግ? ፋይሉን አይተው። ቀጠሮ ከተሰጠው ይቅረብ፤ የጊዜ ገደብ ያለውን የሕክምና ማስረጃ ቀጠሮው ሳይታወቅ አያውጣ፤ እገዳው ተነሣ ወይስ አልተነሣ የሚለውን ከደላላ ሳይሆን ከኤምባሲው ራሱ ይስማ። ልጅ 21 ዓመት እየቀረበው ከሆነ ቤተሰቡ ዛሬውኑ ጠበቃ ይጠይቅ፤ የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቅ ሕግ ከ2002 ጀምሮ ስላለ የልደት ቀን መለወጥ ሳያስፈልግ መፍትሔ ሊገኝ ይችላል። አሜሪካ ካለው ዘመዳችሁ ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስትገባ ተፈትሸህ ነው? የተፈቀደልህ ቀን መቼ አለፈ? ያመለከተልህ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ያለው? እነዚህን ሦስቱን ሳታውቁ ናም አትበሉት፣ ቅርም አትበሉት።