ባለሙያው ብቻውን እንዳይቀር፦ በሩቅ አካባቢ የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎችን መደገፍ ለተገልጋዩ ምን ማለት ነው?

አንድ ዜጋ ስለ አካባቢው የጤና አገልግሎት ሲጠይቅ በቅድሚያ የሚያነሳው «ባለሙያ አለ ወይ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የአገልግሎቱን ጥራትና ቀጣይነት የሚወስነው ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «ካለው ባለሙያ ጎን ማን ቆሟል?» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል። ከዋና መንገድ በራቁ ቀበሌዎች፣ በአርብቶ አደር አካባቢዎችና በጠረፍ ወረዳዎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ጉዳይ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በግልጽ እንድናነሳ ያስገድደናል።

እንደ አብነት፣ ከወረዳው ከተማ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ተረኛ የሆነች አንዲት አዋላጅ ነርስን እንውሰድ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ያዋለደቻት እናት ደሟ አልቆም ብሏል። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በዓለም ዙሪያ እናቶችን ለሞት ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ በአፋጣኝ ካልተገታ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወት ይቀጥፋል። አዋላጇ ማድረግ የሚገባትን ተምራለች፤ ታውቃለችም። ይሁን እንጂ ማሕፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ኃይሉን ሳያጣ የሚቆየው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። መድኃኒቱ ብቻውን ካልበቃ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ በስልክ ሊገኝላት ይገባል። እናቲቱ ወደ ሆስፒታል መላክ ካለባት ደግሞ አምቡላንሱ ነዳጅ፣ ሆስፒታሉም ደምና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ ሊኖራቸው ግድ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል፣ ጉድለቱ የአዋላጇ ድክመት መስሎ ይታያል፤ ኀዘኑ ግን የቤተሰቡ ይሆናል።

ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው፣ በሩቅ አካባቢ የሚሰጥ ሕክምና የአንድ ሰው ሥራ አለመሆኑን ነው። ባለሙያን መመደብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ስለሆነም ባለሙያን መደገፍ ለባለሙያው የሚደረግ ውለታ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ድጋፉ ራሱ የተገልጋዩ አገልግሎት አካል ነው።

ከጎንደር እስከ ጤና ኬላ

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎችን ሕይወት ቀጥፏል። በተከታዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሥራ ሲጀምር፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማህበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠለጠነ። የማዕከሉ ዋና ሐሳብ ባለሙያዎቹ በአንድነት ተምረው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነበር። ሐኪም በጣም ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ለገጠሩ ሕዝብ የሚበጀው ተደጋግፎ የሚሠራ ቡድን መሆኑ ግንዛቤ ተወስዶበታል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ መንገድ ወደ ቀበሌ አውርዶታል። በአብዛኛው ከሚያገለግሉት ማህበረሰብ የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው ተመደቡ። በአጠቃላይ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑት በገጠር ቀበሌዎች ተሰማርተዋል። አንድ ጤና ኬላ 5,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል፣ አምስት ጤና ኬላዎችም ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር እንዲተሳሰሩ ተደረገ። ከጤና ጣቢያው በላይ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዋቀረ ነው። የዚህ ሰንሰለት ዓላማ የታችኛው ባለሙያ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው የሚጠይቀውና ታካሚውን የሚልክለት እንዲኖረው ነው።

ሥራው ፍሬ አፍርቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ያህል ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። የእናቶች ሞትም ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ዝቅ ብሏል። ሆኖም 412 ዛሬም ከባድ ቁጥር ነው። በተቋም ከሚወልዱት ቁጥር ጎን ለጎን በየቤታቸው የሚወልዱትም እጅግ ብዙ መሆናቸውን ሊያዘነጋን አይገባም።

ኃላፊነት ሲጨምር ድጋፍም ይጨምራል

ባለፉት ዓመታት ለታችኛው ባለሙያ የተሰጠው ኃላፊነት እያደገ መጥቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይ ትኩረታቸው በጤና ትምህርትና በሽታን በመከላከል ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ግን በሳንባ ምች የታመሙ ሕፃናትን በጤና ኬላ ደረጃ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደ። በሌላ በኩል፣ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች በማይገኙባቸው ሆስፒታሎች እናቶችን በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሯል። የሦስት ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚወስዱት እነዚህ ባለሙያዎች ብዙ እናቶች ረጅም መንገድ ሳይጓዙ እንዲድኑ አስችለዋል።

ይህ ሥራን የማከፋፈል ስልት የሚሠራው ግን ኃላፊነቱና ድጋፉ አብረው ሲያድጉ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ ያለ ማደንዘዣ ባለሙያ፣ ያለ ደምና ያለ ኦክስጅን እጁ የታሰረ ነው። የሳንባ ምች የምታክም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም መድኃኒቱ ካለቀባት፣ ከታመመ ልጇ ጋር ለመጣችው እናት የምትሰጠው ምክር ብቻ ይሆናል። እናቲቱ በሚቀጥለው ጊዜ ጤና ኬላውን አልፋ ትሄዳለች። እምነት አንዴ ከተሸረሸረ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ባለሙያ ለምን አካባቢውን ይለቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችን በገጠርና በሩቅ አካባቢ ለማቆየት የሚረዱ ምክረ ሐሳቦችን እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቶ በ2021 አሻሽሏቸዋል። ምክረ ሐሳቦቹ አራት ዘርፎችን ይዳስሳሉ፦ ትምህርት፣ የአሠራር ደንብ፣ ማበረታቻ እንዲሁም ሙያዊና ግላዊ ድጋፍ ናቸው። ከመመሪያው የሚገኘው ዋና ትምህርት አንዱን ዘርፍ ነጥሎ መያዝ በቂ አለመሆኑ ነው። የበረሃ አበል ቢከፈልም የሚከራይ ቤት በሌለበት፣ የልጅ ትምህርት ቤት በራቀበትና የትምህርት ዕድገት በተዘጋበት ቦታ ባለሙያው ዓይኑ መንገድ መንገዱን ያያል።

የኑሮ ጉዳይም በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነው። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የተረኝነት ክፍያና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን በአደባባይ አንስተዋል። ጥያቄው የባለሙያው ብቻ ተደርጎ ከታየ የተገልጋዩ ጥቅም ይሳታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ የተረኝነት ክፍያው ለወራት የሚዘገይበት ባለሙያ ከተማ ውስጥ የተሻለ ሥራ ቢያገኝ መሄዱ አይቀርም። እሱ ሲሄድ ደግሞ የሚያጣው ቀበሌው ነው። አዲስ የሚመደበው ሰው መንገዱን፣ ቋንቋውን፣ የአካባቢውን በሽታና የቤተሰቦችን ታሪክ እስኪያውቅ ድረስ ጊዜ ያልፋል።

ለብዙ ዓመታት አዲስ ምሩቅ ሐኪሞች በዕጣ ይመደቡ ነበር። ዕጣው ባለሙያን ወደ ሩቅ ቦታ ማድረስ ይችል ነበር፤ ማቆየት ግን የዕጣ ሥራ አይደለም። ሰውን የሚያቆየው በሚሠራበት ቦታ ሥራው የሚሰምርለት፣ ሙያው የሚያድግለትና ቤተሰቡ የሚኖርበት መሆኑ ነው።

ከቁጥጥር ወደ ምክክር

ሙያዊ ድጋፍ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ድጋፋዊ ክትትል ነው። ክትትሉ ቅጽ ሞልቶ፣ ጉድለት መዝግቦ የሚመለስ ከሆነ ግን ስሙን አይመጥንም። ጠቃሚ የሚሆነው የጤና ጣቢያው ባለሙያ ወደ ጤና ኬላ፣ የሆስፒታሉም ባለሙያ ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ፣ በዚያው ባለው መሣሪያና በዚያው በመጣው ታካሚ ላይ አብሮ ሲሠራ ነው። ያኔ ጎብኚውም ለምን ታካሚ ዘግይቶ እንደሚላክ በዓይኑ ያያል።

ርቀትን በቴክኖሎጂ ማጥበብም ይቻላል። በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው ተሞክሮ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ፕሮጀክት ኤኮ ነው። የጉበት ስፔሻሊስቱ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ፣ የሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎች እሳቸው ዘንድ ለመድረስ ረጅም መንገድ እንደሚጓዙና ብዙ ወራት እንደሚጠብቁ በማየታቸው፣ ከገጠር ሐኪሞች ጋር በየሳምንቱ በቪዲዮ እየተገናኙ በታካሚዎች ጉዳይ ላይ መወያየት ጀመሩ። ታካሚው ባለበት ይቆያል፤ የሚጓዘው እውቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት 407 ታካሚዎች የተካተቱ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት ከመቶ 57.5፣ በገጠርና በማረሚያ ቤት ክሊኒኮች ከታከሙት ደግሞ ከመቶ 58.2 ሕክምናው ውጤት አስገኝቶላቸዋል። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ድጋፍ ያገኘ የገጠር ባለሙያ ከማዕከሉ ጋር የሚስተካከል ውጤት ማምጣት እንደሚችል ይህ ያረጋግጣል።

ሆኖም ከዚህ ተሞክሮ ከልክ ያለፈ ተስፋ መጠበቅ አይገባም። የስልክና የቪዲዮ ምክክር የኔትወርክና የመብራት መኖርን ይጠይቃል። የሌለን መድኃኒት፣ የሌለን ደም ወይም የተበላሸን አምቡላንስ አይተካም። ምክክሩ ዋጋ የሚኖረው መሠረታዊው አቅርቦት ሲሟላ ነው።

ተገልጋዩ ምን ማድረግ፣ ምንስ መጠየቅ ይችላል?

የዚህ ሰንሰለት አንዱ አካል ራሱ ኅብረተሰቡ ነው። በብዙ አካባቢዎች ነዋሪው ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ያደርሳል፤ በጤና ጣቢያ ቅጥር ግቢ ለሚገኘው የእናቶች ማቆያ እህል አዋጥቶ የገንፎውን ሥርዓት ያሟላል። ይህ ለአዋላጇም ድጋፍ ነው፤ ቀኗ የደረሰ እናት አስቀድማ ጤና ጣቢያው ውስጥ ከተገኘች፣ ባለሙያዋ አደጋን ከመንገድ ላይ ሳይሆን ከጅምሩ ትጋፈጣለች።

ከዚህ በተጨማሪ ተገልጋዮች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ ይመከራል።

በቅድሚያ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር ሕክምናን በአቅራቢያ ካለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መጀመርና ወደ ከፍተኛ ተቋም ሲላኩ የሪፈር ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ተቀባዩ ሐኪም እስካሁን የተደረገውን ሕክምና የሚያውቅበት ሰነድ ነው። ከሆስፒታል ሲመለሱም የተሰጠዎትን የጽሑፍ ምላሽ ለላከዎት ባለሙያ ያሳዩ፤ ባለሙያው ከውጤቱ ይማራል፣ ክትትልዎንም ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነትን በየዓመቱ ማደስ ይገባል። መድኑ ለተሰጠው አገልግሎት ለጤና ጣቢያው ክፍያ ይፈጽማል፤ ጤና ጣቢያውም የሰበሰበውን ገቢ መልሶ ለመድኃኒትና ለቁሳቁስ ሊያውለው ይችላል። መዋጮዎ በአዋላጇ መደርደሪያ ላይ መድኃኒት ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያዎች የኅብረተሰብ ተወካዮች የሚገኙበት የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው። ተወካይዎን ይወቁ፤ ጥያቄዎን ያቅርቡ። «ለምን ዘገያችሁ?» ከሚለው ቅሬታ ጋር «ማቀዝቀዣው ይሠራል ወይ? መድኃኒቱ በስንት ጊዜ ይመጣል? ለባለሙያው ማደሪያ አለ ወይ? የተረኝነት ክፍያው በወቅቱ ይደርሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ስለዚህ ጥያቄው ሕጋዊ መሠረት አለው።

በመጨረሻም፣ ባለሙያውን በአክብሮት መያዝ ያስፈልጋል። ስህተት ሲፈጸም ቅሬታን በሥርዓቱ ማቅረብ ተገቢ ሲሆን፣ ለሥርዓቱ ጉድለት ግን በተረኛዋ ላይ መጮህ ወይም እጅ ማንሳት ቀበሌውን ባለሙያ አልባ ከማድረግ በቀር የሚያስገኘው የለም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በዚያች ሌሊት ማቀዝቀዣው ሠርቶ፣ ስልኩ ተነስቶ፣ አምቡላንሱ ደርሶ እናቲቱ ብትድን፣ ጎረቤቱ ሁሉ አዋላጇን ያመሰግናል፤ ይገባታልም። ከምስጋናው ጀርባ ግን መድኃኒቱን በወቅቱ ያደረሰው፣ ስልኩን ያነሳው፣ ነዳጁን የመደበውና መዋጮውን የከፈለው ሁሉ አለ። አንዲት ባለሙያ ሩቅ ቀበሌ ላይ ጸንታ እንድትቆም የሚያደርጋት እነዚህ ሁሉ ባንድ ላይ ሲገኙ ነው።