ታይ ቺና የግቢያችን ሜዳ

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት አንድ ጓደኛችን፣ ከሰፈር አዛውንቶች ጋር በማለዳ እጄን ቀስ እያልሁ ሳነሣና ሳወርድ አይቶኝ ኖሮ፣ «ታይ ቺ ነው የምትሉት? እኔስ ተኚ መስሎኝ ነበር» ብሎ ጠረጴዛውን በሙሉ አሳቀብኝ። ቀልዱ ደኅና ቀልድ ስለ ሆነ እኔም አብሬ ሥቄአለሁ። ዳሩ ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ በልቤ የቀረ ነገር አለና ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቀረብሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ልንገራችሁ። ቤታቸውን ያከራዩኝ እትዬ ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም እንቅስቃሴ አዘዘላቸው። ከግቢያችን አጥር ማዶ በነበረው ባዶ ሜዳ ላይ የሰፈሩ ሰዎች የቻይና ስፖርት እንደሚሠሩ ሰምተው ሊሄዱ ቈረጡ፤ ነገር ግን ውሻ ይፈራሉና «ልጄ፣ እስከዚያ ብቻ አድርሰኝ» አሉኝ። አደረስኋቸው። የጥቅምት ብርድ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ርኅራኄ የለውም፤ በሦስተኛው ቀን ለመሞቅ ያህል ብዬ ከመጨረሻው ረድፍ ገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በቻይናዎች ሲሠራ ገልባጭ መኪና ይነዱ ነበር። በካምፑ ውስጥ በየማለዳው ብቻውን የሚሠራ አንድ ቻይናዊ ቀያሽ ያዩና ከኋላው እየቆሙ፣ አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ እያዩ ተማሩ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ለበዓል ብቻ ቡናና ስኳር አዋጥተን እንወስድላቸዋለን። የሚያስተምሩን በ1956 እ.ኤ.አ. የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ብዙ ሕዝብ በቀላሉ እንዲማረው ከያንግ ቤተሰብ ስልት አሳጥሮ ያዘጋጀውን ባለ 24 እንቅስቃሴ ነው። ከመነሻው እስከ መድረሻው አምስት ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ይህንማ በአንድ ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ብዬ ነበር። አራት ወር ፈጀብኝ፤ ከዚያም በኋላ ጋሼ «ቅደም ተከተሉን ያዝህ፣ አሁን መማር እንጀምር» አሉኝ።

ስለ አመጣጡ ብዙ ተረት ይነገራል፤ የወፍና የእባብ ጠብ አይቶ ጥበቡን ያገኘ መናኝ አለ ይባላል። የታሪክ ሰዎች ግን ወደ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ወደ ቼን ቤተሰብ መንደር፣ ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ይመሩናል። እዚያ የአንድ መንደር ዕውቀት ሆኖ ሲኖር ያንግ ሉቻን (1799–1872 እ.ኤ.አ.) የሚባል የሌላ አገር ልጅ ገብቶ ተማረ፤ ተምሮም ቤይጂንግ ላይ አስተማረው። የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ (1883–1936 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ዛሬ በየመናፈሻው የሚታየውን ዝግ ያለና ሳይቈራረጥ የሚፈስሰውን አሠራር አስፋፋ። ዩኔስኮም በ2020 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ሙሉ ስሙ ታይ ቺ ቹዋን ነው፤ ቹዋን ማለት ቡጢ ነው። «ተኚ» ያላችሁት ወንድሜ፣ ልብ በል፤ ቡጢ ነው! ይህን ያወቅሁት ጋሼ ሁለት ሁለት ሆነን እጅ ለእጅ አነካክተን ስንገፋፋ ባሠሩኝ ቀን ነው። እኔ ባለኝ ጕልበት ሁሉ ገፋሁ፤ እሳቸው ወገባቸውን ትንሽ ዘወር አደረጉና እኔ ሣሩ ላይ ተገኘሁ። ያን ቀን እትዬ እስከ ቤት ድረስ ሲሥቁ ሄዱ።

አሁን በአንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የገረመኝ እሱ ነውና። ታይ ቺ በቡድን ሲማሩት አስተማሪው ከፊት ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ሌላው እያየ ይከተላል። ነገር ግን እንቅስቃሴው ሰውን ያዞራል። ሁሉም ፊቱን ባዞረ ጊዜ ከኋላ ተደብቆ የነበረው ጀማሪ በድንገት ከፊት ሆኖ ይገኛል፤ የሚያየው ሰው የለም፤ እጁ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚችሉት በአራቱም ማዕዘን ይቆማሉ፤ ሰው በየትም ቢዞር የሚከተለው አንድ ሰው እንዲያገኝ። በእኔ ማዕዘን የቆሙት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሦስት ዓመት በሌክቸር አዳራሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ማንም ሳያውቅብኝ የኖርሁ ሰው፣ እዚያ ሜዳ ላይ የሚያስደብቅ ኋላ አጣሁ። ሲሳሳቱ ማንም አይቈጣም። እትዬ ብቻ «አይዞህ፣ እኔም ትናንት እንዲሁ ነበርሁ» ይሉኛል፤ ትናንትም እንዲሁ ብለውኛል።

ስሞቹ ደግሞ የሚያስደስቱ ናቸው፤ የፈረስ ጋማ መክፈል፣ ነጭ ሽመላ ክንፏን ዘረጋች፣ እጅ እንደ ደመና። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት እናት የደመናውን እጅ ገና ሲያዩት «ይህማ ሊጥ በምጣድ ላይ ማዞር ነው» ብለው ከሁላችን ቀድመው ያዙት። መወርወሪያ እንደምታሳልፍ ሴት የሚባል እንቅስቃሴም አለ፤ ከመካከላችን አንዱ ሸማኔ ስለ ሆኑ «መወርወሪያ እንዲህ አይወረወርም» ብለው ከጋሼ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ሦስት ዓመት ስለ ዘይቤ ስማር እንዲህ ያለ ክርክር አልሰማሁም።

ከሚሥቁት ሌላ ሁለት ዓይነት ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዱ ወገን «የባዕድ አምልኮ ነው» ይላል። በስሙ ውስጥ ያለው አሳብ ከቻይና የጥንት ፍልስፍና የመጣ መሆኑን አልክድም። በእኛ ሜዳ ግን ጸሎት የለም፤ እትዬ የሚመጡት ከኪዳን ሲመለሱ ነው፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ነው፤ ሁለቱም ጸሎታቸውን ጨርሰው ነው የሚመጡት። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የማያድነው በሽታ የለም ይላል፤ ይህኛው የበለጠ ያስፈራኛል፣ ኪኒን የሚያስጥል ነውና። የተመረመረው እንዲህ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች በሦስት ተከፍለው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ24 ሳምንት ሲሠሩ፣ ታይ ቺ የሠሩት ሚዛናቸውን በመጠበቅ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጕልበት መገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው 204 ሰዎች ላይ በ12 ሳምንት ያስገኘው ውጤት ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊዚዮቴራፒ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ሜዳ ግን አያስከፍልም። ከዚህ አልፎ ለሚናገር ግን ጋሼ ራሳቸው መልስ ናቸው፤ የደም ብዛት ኪኒናቸውን ሳይውጡ አይመጡም።

«ሜዳ አያስከፍልም» አልሁ። አሁን ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ደረስሁ። ያ ሜዳ ከጥር ወር ጀምሮ ለሕንፃ ሥራ ታጥሯል። ሕንፃ አይሠራ አልልም። ነገር ግን አሥራ አራቱ ሰዎቻችን አሁን የሚሠሩት በእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከታክሲ መቆሚያው አጠገብ ነው። ከ24ቱ አንዱ ጦጣ ማባረር ይባላል፤ ወደ ኋላ እየረገጡ የሚሠራ ነው። ያለፈው ማክሰኞ ጋሼ ወደ ኋላ ሲረግጡ የመንገዱ ጠርዝ አለቀባቸውና ወደቁ። ተነሥተው ሣቁ፤ የእጃቸው አንጓ ግን እስከ ዛሬ አብጧል። እንዳንወድቅ ሚዛን የሚያስተምሩን ሰው የሚቆሙበት ቦታ አጥተው ወደቁ።

ከዚያ መንገድ ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ከአጥሩ ወዲህ፣ የእኛ የኳስ ሜዳ አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ድረስ በዚያ ሜዳ ላይ የሚታየው ቁራ ብቻ ነው። እኛ በዚያ ሰዓት የት እንዳለን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተኚ የሚለው ስም ለማን እንደሚገባም እንዲሁ። ለዘበኛው ብነግረው መታወቂያ የሌለው አይገባም አለኝ፤ ትእዛዙን መፈጸሙ ነውና አልፈርድበትም። ለሚመለከተው ክፍል ብጽፍ ይታያል ተባልሁ፤ ከተባልሁ ስድስት ሳምንት ሆነ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ለእነሱ ከተከፈተ ለሁሉም ሊከፈት ነው፤ ዕቃ ይጠፋል» ይላሉ። ዕቃ መጥፋቱ ተረት አይደለም፤ የእኔም ስልክ ከዶርም ጠፍቶ ያውቃል። ግን ያን ጊዜ በሩ ለውጭ ሰው ዝግ ነበር። እዚህ የምንለምነው ለአሥራ አራት ሰው፣ ለአንድ ሰዓት፣ ስማቸው ተመዝግቦ የቀበሌ መታወቂያቸው በር ላይ ተይዞ ነው። በየስብሰባው ስለ ሕዝብ ስንናገር ድምፃችን ከአጥሩ ውጭ ይሰማል፤ እትዬ ቤት ድረስ ይሰማል። ባለፈው «ይህ ሁሉ ጩኸት ስለ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ስለ እርስዎ ነው» ለማለት አፈርሁ። እኔም ብሆን ውሻ ባይፈሩ ኖሮ ከዚህ ሰፈር ሰው የአንዱንም ስም ሳላውቅ ተመርቄ እሄድ ነበር።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ይህን ጉዳይ በስሙ ይዞ እንዲጠይቅ የፊርማ ወረቀት በጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ከሰኞ ጀምሮ ተቀምጧል። «ተኚ» ያለን ጓደኛዬ ከሁሉ ቀድሞ ፈርሟል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ነገ በ12 ሰዓት እትዬን ይዤ እዚያው ታክሲ መቆሚያው አጠገብ እገኛለሁ። ጦጣ ማባረሩን ለጊዜው ትተነዋል።